መሪጌታ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ

ነርስ ነኝ ያልኩት ሰው ሁሉ ወዲያው ጉልበቱን ያሳየኛል። ባጃጅ ውስጥ፣ ሠርግ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ቦታ አይመርጥም። እስቲ እዚህ ጋ ንኪው፣ ስነሣ ይንቋቋል ይለኛል። የምሠራው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው ስለው ግን ሱሪውን ቶሎ ይመልሳል። ምን ያድርግ? የክፍሉ ስም ራሱ ያስደነግጣል። እናቴ እንኳ ከሉማሜ በደወለች ቁጥር ከሰላምታ በፊት "ዛሬስ ሁሉም አሉ?" ነው የምትለኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ ስገባ እኔም ከእናቴ አልሻልም ነበር። ደብረ ማርቆስ ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት የአንድ በሽተኛ የልብ ምት ከማሳያው ላይ ድንገት ጠፋ። መስመሩ ቀጥ አለ። "ድረሱ!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ተንጋግቶ መጣ። ሰውየው ለካ የተለጠፈባቸውን ሽቦ ነቅለው ደረታቸውን እያከኩ ኖሯል። ቀና ብለው በሐዘኔታ አዩኝና "ምነው ልጄ፣ አመመሽ?" አሉኝ።

የክፍሉ ነባር ነርስ ሲስተር በላይነሽ ሳቋን ወደ መጋረጃው ዞራ ጨረሰችና ሌላ አልጋ ሰጠችኝ። የመሪጌታን።

መሪጌታ ከደብረ ወርቅ አካባቢ የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው። የሳንባ ምች ጥሏቸው፣ በጉሮሯቸው በገባ ቱቦ ማሽን ነው የሚያስተነፍሳቸው። ቱቦው ደግሞ ድምፅ ይከለክላል። አስቡት እንግዲህ! ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ፣ ሲቀኙ፣ ሲከራከሩ የኖሩ ሰው አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው።

ነቅተዋል፤ ዓይናቸው ይከተለኛል። ችግሩ እጃቸው ነው። ጣቶቻቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ቱቦውን ሊነቅሉት ነው! ከነቀሉት ደግሞ መልሰን እስክናስገባው ትንፋሻቸው ላይጠብቀን ይችላል። ስለዚህ እጃቸው በጨርቅ ከአልጋው ጋር ይታሰር ተባለ። ያሰርኩት እኔ ነኝ።

እኔ እንዲህ ያሉ አባት ሲያልፉ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ስቋጥር "ይቅር ይበሉኝ የኔታ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው" እላለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ትምህርቱ አልገባ ያለው ተማሪ እንዳታከተው መምህር።

አላስችል ሲለኝ እፈታዋለሁ። እጁ ወደ አፍ ይነሣል። ቀብ አደርገዋለሁ። ውሃ ነው? አመመዎት? ቄስ ይጠራ? ቄስ ያልኩ ጊዜ ዓይናቸው ፈጠጠ። በቃ፣ ነገር አበላሸሁ። መልሼ አሰርኩና ወደ መስኮቱ ዞሬ እንባዬን ጠረግኩ።

ከሰዓት በኋላ የመጠየቂያ ሰዓት ሲደርስ ባለቤታቸው እማማ ጥሩወርቅ ገቡ። የታሰረውን እጅ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ምን አጠፉ?" አሉኝ።

ቱቦውን ሊነቅሉ ስለሚሞክሩ ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

"እስቲ ፍቺልኝ፤ እኔ አጠገባቸው ነኝ።"

ፈታሁ። መሪጌታ ጣታቸውን ሰበሰቡ፤ ወደ አፋቸው ወሰዱ። የዚያን ጊዜ አልያዝኳቸውም። እጁ ቱቦውን ሳይነካ ተመለሰና ወደ እኔ ተዘረጋ።

እማማ ጥሩወርቅ ሳቁ። እያለቀሱ ነው የሳቁት።

"ኧረ ልጄ! አንቺን እኮ ነው! ምሳ በልተሻል ወይ ነው የሚሉሽ!"

አልበላሁም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ያን ሁሉ ማሽን ተሸክመው የተጨነቁት ለካ ለእኔ ሆድ ነው።

እማማ ከዘንቢላቸው ዳቦ ቆርሰው አስጨበጡኝ። ክፍሉ ውስጥ መብላት ክልክል ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በላሁት። እንባና ዳቦ አብሮ ማውረድ እንዴት እንደሚከብድ የበላ ያውቀዋል። እጄን ታጥቤ ተመለስኩና "በላሁ የኔታ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ተኙ። ከዚያ ወዲያ ያን እጅ ያሰረው የለም።

ሳንባቸው እያገገመ ሄዶ ቱቦው የወጣ ዕለት ሁላችንም አልጋቸውን ከበብን። እማማ ጥሩወርቅ አንድ ቃል ብቻ ያሰማኝ ብለው ተስለው ነበር። መሪጌታ ሳል ሳል አደረጋቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። በሻከረ ድምፅ ፈጣሪን አመሰገኑ። እኔን መረቁ። ሲስተር በላይነሽን መረቁ። ከዚያ የሐኪሙን ስም ትርጉም አብራሩ። ከዚያ የጎን በሽተኛውን አገሩን ጠየቁና፣ ደምበጫ ነው ቢላቸው፣ የዚያን አገር ቅኔ ቤት ከራሳቸው ጋር ማወዳደር ያዙ። ሐኪሙ ይረፉ አባባ ቢሏቸው ማን ሰምቶ!

እማማ መጀመሪያ እልልታቸውን በነጠላቸው አፍነው አነቡ። ቆይተው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ መሪጌታ ገና የንግግራቸው መግቢያ ላይ ነበሩ። እማማ እጄን ሳብ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "ያ ማሽን ለቤት የሚሆን የለውም?"