ትዕግሥትን ያሳመርኳት ለት

አሮጌ ነገር ከሚያበላሹ ሰዎች ሁሉ የከፉት የሚያሳምሩት ናቸው። ዝገት ቢያንስ ቀስ ይላል። ዝናብም ክረምት እስኪገባ ይጠብቃል። በጎ ፈቃድና አንድ ጣሳ ቀለም የያዘ ሰው ግን... በሦስት ቀን ጉድ ያፈላል! ከየት አወቅህ እንዳትሉኝ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ታቦር ላይ የትራንስፖርት ሙዚየም ሊከፈት ነው ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም የሥዕል አስተማሪ ስለሆንኩ፣ ማለትም ብሩሽ ስላለኝ፣ አባል ሆንኩ። ለእይታ ከታጩት አሮጌ አውቶቡሶች ውስጥ ያገሬው ሰው በስም የሚያውቃት አንዷን ብቻ ነበር፤ ትዕግሥትን። አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ትመላለስ ነበር፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ለሚወርደው በሽተኛም እሷው ነበረች። ስሟን ያወጡላት ተሳፋሪዎቿ ናቸው። ትዕግሥት የነበረው ሲሳፈር ያጣታል፣ ያልነበረው ሲወርድ ይዟት ይወርዳል ይባል ነበር።

ሾፌሯ አያ ፈንታሁን ናቸው። ሥራ ስታቆም አጥራቸውን ጥሰው ግቢያቸው አስገቧት። ሞተሯ ወልቆ፣ አራት ድንጋይ ላይ ቆማ፣ ዶሮ እየፈለፈለባት ኖረች። ሰው "ይሽጧት እንጂ" ሲላቸው "መጀመሪያ እኔን" ይላሉ። ሙዚየም ሲባል ጊዜ ግን ልጅ እንደሚድር አባት መርቀው ሰጡን፤ እኛም በጭነት መኪና አምጥተን ሙዚየሙ ግቢ መልሰን ድንጋይ ላይ አቆምናት። እሷ በወጣችበት ቦታ ላይ ልጃቸው ወዲያው ቤት ጀመረ። መመለሻ የላትም ማለት ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር ወረቀት የሚወድ ሰው ነው።

"ሊብሬዋስ?" አለ።

"አይጥ በላው" አሉ አያ ፈንታሁን።

"እንግዲያ ትዕግሥት ስለመሆኗ ማስረጃ የለም።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የኛ ሊቀ መንበር ያልያዘውንም ወረቀት አይለቅም። ብዙ ከተለመነ በኋላ እንዲህ ብሎ ወሰነ፦ ድሮ የተሳፈሩባት ሁለት ሽማግሌዎች ቀርበው "እሷ ናት" ብለው ይመስክሩ። ካልመሰከሩ የሙዚየሙን ግቢ አታጣብብ፤ ለብረት ገዢው ትሰጥ። እኛ እንደሆን ጋፋት ላይ ብረት ቀልጦ መድፍ የወጣበት አገር ሰዎች ነንና፣ ብረት ቢቀልጥ ማንም አይደነግጥም።

ለምስክሮቹ ሦስት ቀን ሲቀር ትዕግሥትን ዞሬ አየኋትና አንጀቴን በላችኝ። በዚህ ፊቷ ሽማግሌ ፊት ትቅረብ? እጅጌዬን ሰበሰብኩ። የላሜራዋን ቀዳዳ ሁሉ በስቱኮ ደፈንኩ። የተቀደዱ ወንበሮቿን አዲስ ሸራ አለበስኩ። የድሮ ቀለሟ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ መለየት ስላልተቻለ፣ ከክርክር ለመገላገል ቢጫ ቀባኋት። መስኮቶቿንም ዙሪያቸውን፣ ክፈፋቸውን፣ መክፈቻቸውን ሳይቀር ደጋግሜ ቀባሁ። በሯን ዘመኗን ሁሉ ይዞ የኖረውን ጠፍርም ፈትቼ ጣልኩት።

"ልጄ፣ ጠፍሯን እንኳ ተዋት" አሉኝ አያ ፈንታሁን።

"አያ ፈንታሁን፣ አንቱ መንዳቱን ያውቃሉ። ጥበቡን ለኔ ይተዉልኝ።"

ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሳቸው ዝምታ ግን ትንሽ ነቀዝ ያገኘው ይመስል ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ብረት ገዢው ማልዶ መጥቶ፣ ጎኗን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ ግቢው በር ላይ ቆሟል። መጀመሪያ የመጡት መሪጌታ ላቀው ናቸው፣ የድጓ መምህር። በተማሪነታቸው ጊዜ ትዕግሥትን ጣራዋ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያውቋት። ለቆሎ ተማሪ ውስጧ አይታሰብም ነበር።

"ይቺ ሙሽራ የማን ናት?" አሉ።

"ትዕግሥት ናት፣ የኔታ።"

ሁለት ጊዜ ዞሯት።

"ትዕግሥትንማ አውቃታለሁ። በሯ በጠፍር ይታሰራል፣ ጎኗ ውስጧን ያሳያል። የዚች ቀዳዳዋ የታለ?"

"ደፈንኩት" አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ።

"እንግዲያ የኔንም አፍ አብረህ ደፍነኸዋል። ስምንተኛውን ትእዛዝ በቀለም አልሽርም። በሐሰት አልመሰክርም።"

ሁለተኛዋ ምስክር እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በትዕግሥት እየተሳፈሩ ባሕር ዳር ቅቤ የነገዱ ሴት። እሳቸውም ሽቅብ ቁልቁል አዩና "የኛዋ አሮጌ ነበረች" አሉ።

ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አወጣ። ብረት ገዢው ከበሩ ወደ ውስጥ ሦስት እርምጃ ገባ። አያ ፈንታሁን ወደኔ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዕድሜዬን የፈጀሁ በሷ ነው" አሉኝ። "አናውቃትም ካሉ እኔንም አያውቁኝም ማለት ነው። ሌላ የማሳየው ምን አለኝ?"

አፈርኩ። ቀልዱን ትቼ ነው የምነግራችሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ያጠፋው ሰውዬ እኔ ነኝ። ዓይኑ ደግሞ የራሴ አልነበረም።

አያ ፈንታሁን ግን ቀና አሉና ሽማግሌዎቹን "ሳትሳፈሩ አትፍረዱ። ግቡ" አሏቸው።

ገባን። መሪጌታ ከፊት ተቀመጡ። እትዬ ሙሉነሽ ማንም ሳያሳያቸው ሦስተኛውን ወንበር ይዘው ወደ መስኮቱ ተጠጉ፤ እኔ ከጎናቸው ሆንኩ። ሊቀ መንበሩ ግራጫ ሱፉ አቧራ እንዳይነካው በሩ ላይ ቆመ። አያ ፈንታሁን መሪውን ጨበጡ። ሞተር የለም፣ ጎማ የለም... ሰውየው ግን ማርሹን አስገብተው በአፋቸው እያጓሩ መንዳት ጀመሩ! መሪውን ባዞሩ ቁጥር ትዕግሥት ድንጋዮቿ ላይ ወዲያና ወዲህ ትወዘወዛለች።

"ከተማውን ወጣን" አሉ። "የዓለም በር ቁልቁለት ነው። ያዙ።"

በመጀመሪያው ጠመዝማዛ መሪጌታ ፈገግ አሉ። በሁለተኛው እትዬ ሙሉነሽ ከነጠላቸው ጫፍ ሎሚ ፈተው ያሸቱ ጀመር። እኔ ሞኙ "ደስ የሚል ሽታ" እላለሁ በሆዴ። በሦስተኛው ላይ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ መስኮቱን ክፈትልኝ።"

ገፋሁት። ንቅንቅ የለም። ለካስ የቀባሁት ቀለም ደርቆ መስኮቱን ከክፈፉ ጋር አጋብቷቸዋል።

"እየከፈትኩ ነው፣ እትዬ..."

"ቶሎ በል ልጄ።"

በሁለት እጄ ታገልኩ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ምሳ ላይ ሆነህ የምታነብ ከሆነ የሚቀጥለውን መስመር ዝለለው። ቁርሳቸው ጨጨብሳ ነበር። ሁሉም፣ አንዲት ሳትቀር፣ እኔ ላይ።

ከዚያ መሪጌታ ላቀው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"እሷ ናት" አሉ።

"እንዴት?" አለ ሊቀ መንበሩ።

"እኒህ ሴት በትዕግሥት ካልሆነ በሌላ አያስመልሳቸውም። እኔ ጣራ ላይ ሆኜ፣ ነፋስ ሽቅብ እያመጣብኝ፣ ስንት ዘመን ነጠላዬን ያጠብሁ በማን ሆነና?"

"ቀለሙ ሸቷቸው ቢሆንስ?"

እትዬ ሙሉነሽ አፋቸውን ጠረጉ። "ልጄ ትናንት ቤቱን ሲቀባ እዚያው ስገባ ስወጣ ዋልሁ፤ ምን ነካኝ? በሌላ መኪና ጎንደር ድረስ ሄጄ መጥቻለሁ፣ ሎሚም አልያዝሁ። ዛሬ የያዝሁ ትዕግሥት ናት ብላችሁ ብትጠሩኝ ነው። ዓይኔ ነው የተታለለ። ሆዴ ግን ያውቃታል።"

ሊቀ መንበሩ ይህን የሚሽር ደንብ ቢያስስ አጣ። በቃለ ጉባኤው ላይ "ሁለተኛዋ ምስክር ቃላቸውን በተግባር ሰጥተዋል" ብሎ ጻፈ። እኔም ከሥር እንድፈርም ተደረገ፣ ማስረጃው ያለው እኔ ላይ ነዋ! ብረት ገዢው ባርኔጣውን ደፍቶ ሳይሰናበት ሄደ።

አያ ፈንታሁን ከመሪው ወርደው እትዬ ሙሉነሽ ፊት ጎንበስ አሉ።

"እትዬ፣ ያን ጊዜ ወንበሩን ባጠብሁ ቁጥር ስንቴ ረግሜዎታለሁ መሰልዎ። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ አተረፉልኝ።"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" አሉ እትዬ ሙሉነሽ። አያ ፈንታሁን እንባቸውን ጠረጉ። የኔም ዓይን አለቀሰ፤ ከደስታው ይሁን ከሽታው እስከዛሬ አላወቅሁም።

ሊቀ መንበሩም በሩ ላይ እንደቆመ፣ ከነንጹሕ ሱፉ፣ ልቡ ራራ።

"እትዬ ሙሉነሽ፣ ለምርቃቱ ለት ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ያን ለትም ተሳፍረው እንዲሁ ቢያሳዩልን?"

እትዬ ሙሉነሽ ሱፉን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"እመጣለሁ ልጄ። ታዲያ ያን ለት አጠገቤ የምትቀመጥ አንተ ነህ።"