የማጣሪያው ኃላፊ ጾም

አንባቢዬ፣ የራሱን ሥራ ሲያወድስ ውሎ የማይቀምሰው ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ በደርግ ዘመን ኮምቦልቻ ላይ አንዱን አይቻለሁ። የአንድ አነስተኛ የፍሳሽ ማጣሪያ ኃላፊ ነበር፤ በየስብሰባው ሃይማኖት የኋላ ቀሮች ነው የሚል ጓድ። ልጎበኝ በሄድኩበት ቀን ሼህ ይማም የሚባሉ የታችኛው ሰፈር ገበሬ ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡና ኃላፊውን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ የምትለቁት ውሃ ከብቶቼን ይጎዳብኝ ይሆን?»

«ኧረ አባቴ፣ ከምንጭ ውሃ ይበልጣል!»

ሼሁ ከማጣሪያው በጣሳ ቀድተው ሰጡት። «እንግዲያው ቢስሚላህ በልና ቅመስልኝ።»

ጓድ ኃላፊ ጣሳውን አየ፤ እኔንም አየ።

«ዛሬ ጾመኛ ነኝ» አለ። የትኛውን ጾም እንደሆነ ማን ይጠይቃል?

ሼሁ ውሃውን ደፍተው ከብቶቻቸውን ወደ ዳገቱ ምንጭ መለሱ።

«አላህ ይቀበልህ ልጄ» አሉ። «ከብቶቼም ከዚህ ውሃ አብረውህ ይጾማሉ።»