ፎዚያ የተዋሰችው እጅ

ባለፈው የዓረፋ ማግስት የበደለችኝ ታይዋን በሚባለው ገበያችን ጌጣጌጥ የምትሸጠው ፎዚያ ናት። ስሟን የምጠራው ሆን ብዬ ነው።

በቴሌግራም የሚሸጡ ሰዎች ለአንዲት ቀለበት የሚያደርጉትን አይታችኋል? ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትሽሞነሞንም። በመስኮት ብርሃን ያዞሯታል፣ ነጭ ጨርቅ ያነጥፉላታል፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ፎቶ ያነሷታል።

ፎዚያን ግን ጨርቁ አልበቃትም። «አቦ እማማ፣ እጅሽን አውሺኝ» አለችኝ። ሱቁ ውስጥ ሦስት ልጃገረዶች ቆመው እያለ የእኔ እጅ በመመረጡ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ቀለበቱን አጥልቃልኝ እጄን እያገላበጠች ሃያ ጊዜ አነሳችው።

«የእነዚህን ለስላሳ እጅ ትተሽ ለምን የእኔን?» አልኳት፣ ሙገሳ ፈልጌ።

«እነሱ እጅ ላይ ቀለበቱ አይታይም» አለች ከስልኳ ቀና ሳትል። «አንቺ እጅ ላይ ግን ምንም ነገር አዲስ ይመስላል።»

ልጃገረዶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ከዚያ ባጃጅ ይዤ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ ገባሁ። ፎዚያ ስትደውል፣ ገዢ ከተገኘ ከነእጄ እንደምመጣ ነገርኳት። ቀለበቱ እስካሁን ጣቴ ላይ ነው።