የሚንከራተት ሰሜን

[ጠዋት ነው። መስኮት የሌላት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። አከራዩ አንድ መስኮት፣ አንድ ብቻ፣ እንዲከፈት ፈቅደዋል። ግንበኛው መዶሻውን ይዞ ደጅ ይጠብቃል። ልብስ ሰፊዋ አክስት፣ መርፌ የሚይዝላትን ትልቅ ማግኔት አንጓዋ ላይ እንዳሰረች በሩ ጋ ቆማለች። የእህቷ ልጅ አርክቴክቱ ስልኩ ላይ ኮምፓስ ከፍቶ አጠገቧ ተገትሯል።]

አርክቴክቱ፦ አክስቴ፣ በዚያ ግድግዳ አይሆንም አልኩሽ።

አክስት፦ ለምን አይሆንም? የስፌት መኪናዬ እዚያ ነው። በዚህ ጨለማ በዳበሳ እየሰፋሁ፣ ትናንት የአንዱን ሙሽራ ሱሪ ዚፑን ከኋላ ሰፋሁለት።

አርክቴክቱ፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ። ብርሃን ያጣ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ሆድ ይብሰዋል፣ ይነጫነጫል።

አክስት፦ እኔ የምነጫነጨው አንተ ስትመጣ ብቻ ነው።

አርክቴክቱ፦ ለስፌት የሚሆነው ዓይን የማይወጋው የሰሜን ብርሃን ነው። ሰሜን ደግሞ... በሩ ጋ ነው።

አክስት፦ በር ላይ መስኮት ልታወጣልኝ?

[ክር ልታነሳ ወደ መደርደሪያው ትሄዳለች። እሱም ስልኩን ዘርግቶ እግር በእግር ይከተላታል።]

አርክቴክቱ፦ ቆይ፣ ቆይ። ሰሜን መደርደሪያው ጋ ሄደ።

አክስት፦ ምን ሊያመጣ?

አርክቴክቱ፦ ቅድም ስልኩ አልሞቀም ነበር። [በስፌት ጠመኔዋ መደርደሪያው ላይ ምልክት ያደርጋል።]

[ውሃ ልትጠጣ ጓዳ ትገባለች፤ እሱም ተከትሏት።]

አርክቴክቱ፦ አሁን ደግሞ ጓዳ ገባ።

አክስት፦ ጠምቶት ይሆናላ።

አርክቴክቱ፦ አትቀልጂ። መሬት እኮ ትዞራለች።

[አክስት አንጓዋን አየች፤ ስልኩን አየች። እጇን ወደ ግራ ብታደርግ ሰሜን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ብታደርግ ወደ ቀኝ። ሄዳ መኪናዋ ፊት ተቀመጠችና እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።]

አርክቴክቱ፦ ተገኘ። እዚያው ነው፤ እንዳትነቃነቂ።

አክስት፦ እዚህ አይሆንም ብለኸኝ አልነበር?

አርክቴክቱ፦ እሱ ሳይለካ ነዋ። አንቺ በግምት ነው የምታወሪው፣ እኔ በመሣሪያ። ግንበኛ፣ እዚህ ጋ በለው።

[ግድግዳው ተበሳ። የጠዋት ፀሐይ ዘው ብላ ገብታ የአርክቴክቱን ዓይን ወጋችው።]

አርክቴክቱ፦ [ዓይኑን በእጁ ጋርዶ] ፀሐይ ሰሜን ላይ ምን ትሠራለች?

አክስት፦ [ማግኔቷን ፈትታ መዳፉ ላይ እያስቀመጠች] በል ልጄ፣ ሰሜንህን ይዘህ ሂድ። መርፌዎቼን ግን ነቅለህ መልስልኝ።