የሻንሲው ዕርቅ

እኛ ሽማግሌ የምንባል ሰዎች የማናስታርቀው ነገር ያለ ይመስላችኋል?

ከአረብ አገር የተመለሰችው ዘነበች ደብረ ታቦር ላይ አዲስ ባጃጅ ገዛች። የመንገዱ ጉድጓድ ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተር ሲሰብረው ሻጩ ራሱ ኦርጅናል ያልሆነ ገጠመላት። ባጃጇ ስትንገጫገጭ ከርማ ሻንሲዋ፣ ዋናው የብረት አጽሟ፣ ተሰነጠቀ። ዋስትናዬን ብትለው፣ «ባዕድ ዕቃ ስለተገጠመባት ዋስትናው ተሰርዟል» አላት።

ከቅዳሴ በኋላ ለሽምግልና ተቀመጥን።

«አባቶቼ፣ የገጠመው እሱ አይደለም እንዴ?» አለችን።

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ልጄ፣ እውነትሽን ነው፤ ግን ስለ ሽበታችን ብለሽ ተይው» አልኳት። ጉልበታችንን ስማ ተወችው። እኛም መርቀን ተነሣን።

ዕርቃችን እስካሁን እንደጸና ነው። በየጠዋቱ ሱቁን ስታልፍ ሻጩን ጎንበስ ብላ ሰላም ትለዋለች። በእግሯ ነው የምታልፈው።