የአማይ ቤላሬክ ቅጠል

ወንዝ ዳር ያለ መንደር ሁሉ አንድ ባለቤት አለው። የመሬቱን ወይም የቤቱን ማለቴ አይደለም፤ የሁሉን ነገር ባለቤት ማለቴ ነው። እርስዎ ገና "ምንድነው እሱ?" ብለው አንገትዎን ሳያቀኑ እሱ ደርሶ እጁን ጭኖበታል። የእኛ መንደር ከማሃካም ወንዝ ላይኛው ጫፍ ናት፤ ብዙ ነገር የላትም፣ ይህን ሰው ግን አላጣችም። ክቡር አማይ ቤላሬክ አሉልን። አማይ የምንለው በዕድሜ አባት የሚሆነንን ሰው ነው። ከጀርባቸው ሌላም እንላቸዋለን።

ሕጋችን አጭር ነው። ንብ የሰፈረበት ዛፍ ያየ፣ ውኃ ያመጣውን ግንድ የያዘ ሰው፣ የእንጨት ጫፍ ሰንጥቆ እርጥብ ቅጠል ይሸጉጥበትና እዚያው ይተክላል። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ቅጠሉ ደርቆ ካልታደሰ ደግሞ ነገሩ ባለቤት አልባ ይሆናል፤ የፈለገ ይወስደዋል። ይህ ለሁላችንም የወጣ ሕግ ነው፤ አማይ ቤላሬክ ግን ለብቻቸው የተጻፈላቸው ይመስላቸው ነበር።

አንድ ቀን ሴቶች ልብስ የምናጥብበት ድንጋይ ጎን ቅጠላቸው ተተክሎ አገኘን።

"አማይ፣ ይሄ እኮ ድንጋይ ነው" አልኳቸው።

"ድንጋይ መሆኑን መጀመሪያ ያየው ማነው?"

አሳማዬ ከቤታቸው ሥር ገብታ ብትወልድ ግልገሎቹን ከነቅጠላቸው ነው ያገኘኋቸው። "እናቲቱ ያንቺ ናት" አሉኝ በትልቅ ትዕግሥት። "ሲወለዱ ያየሁት ግን እኔ ነኝ።" ለቅሶ ቤት እንኳ እንባቸው የሚወርደው ከሬሳ ሣጥኑ የተረፈችውን ጣውላ እያዩ ነው።

ጽዋው የሞላው ግን በገመዱ ነው። ከመንደራችን በታች ወንዙ ይጠብና በአለት መሀል ይፈላል፤ ጉሮሮው እንለዋለን። እዚያ የገባ አይወጣም። ክቡርነታቸው ከጉሮሮው ትንሽ ከፍ ብለው፣ ከዚህ ዳር ዛፍ እስከዚያ ዳር ዛፍ፣ ወፍራም የሐረግ ገመድ ውኃው ላይ ዘረጉ። ውኃ የሚያመጣው ግንድ ሁሉ እዚያ እየተያዘ የእሳቸው ሊሆን ነው። ጀልባ ሲያልፍ ይጠለፋል፣ ሞተሩ ይታነቃል። የአንዱ ጎረቤታችን ሩዝ ከነጀልባው ተገለበጠ። የመንደሩ ሁሉ በሆነው ረጅም ቤት አዳራሽ ተሰብስበን "ይቆረጥ" አልን፤ ከሁሉ አብልጣ የጮኸችው ይህቺው እኔ ነኝ። አለቃችን ሥራውን ለወንድሜ ለሁቫንግ ሰጠው፤ በማግስቱ ማለዳ እንዲቆርጥ።

በማግስቱ ማለዳ ወንዙ ቡና መሰለ። ላይኛው አገር ሲዘንብ አድሮ ኖሮ ዛፍ ከነሥሩ እየነቀለ ይመጣል። እናቴ ኢናይ ሱሊንግ የምትኖረው በግንዶች ላይ በምትንሳፈፍ ትንሽ ቤት ነው፤ እዚያው ጨውና ላምባ ትሸጣለች።

"ውጪ ወደ ላይ፣ እባክሽ" ብዬ ለመንኳት።

"ውኃው ከፍ ካለ እኔም አብሬው ከፍ እላለሁ" አለችኝ።

ተናግራ ሳትጨርስ አንድ ትልቅ ዛፍ መጥቶ ቤቷን በጎኗ መታት። ማሰሪያዎቿ አንድ በአንድ ተበጠሱና ቤቲቱ እየተሽከረከረች ሄደች። እናቴ የበሩን ምሰሶ አቅፋ ትታየኛለች። በዚያ ውኃ ላይ ጀልባ የሚያወጣ የለም። በዳር በዳር እየወደቅኩ እየተነሳሁ ሮጥኩ። ከፊቷ ያለው ገመዱ ነው፤ ከገመዱ በኋላ ጉሮሮው። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ሁቫንግ ገና ጎህ ሲቀድ ገጀራውን ይዞ ወጥቷል። ወንድሜ ደግሞ የያዘውን ሥራ ቶሎ የሚጨርስ ሰው ነው። በሕይወቴ ሰነፍ ወንድም ቢኖረኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ጠዋት ብቻ ነው።

ስደርስ ሁቫንግ ገጀራውን እንደያዘ ቆሟል። ክቡር አማይ ቤላሬክ የገመዱ ቋጠሮ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው፣ ጣታቸውን እየወዘወዙ ይከራከራሉ። ከጎህ ጀምሮ ያንኑ ነው።

"ሐረጉን ከጫካ ያወጣው ማነው? ዛፉንስ መጀመሪያ ያየው ማነው?"

"አማይ፣ ይነሱልኝ፤ እጅዎን እንዳልቆርጠው።"

"ቁረጠው። እጁም የኔ ነው።"

"ሁቫንግ፣ ተው!" ብዬ ጮህኩ፤ የወንዙ ድምፅ ዋጠኝ። ወንድሜ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። አለፍ ብሎ እጃቸው የማይደርስበትን ቦታ መረጠና ገጀራውን አነሳ። በዚያው ቅጽበት የእናቴ ቤት መጥታ ገመዱን መታችው። ዛፉ ተንቋቋ፣ ገመዱ ተወጥሮ ጮኸ፣ ቤቲቱ ወደ አንድ ጎን አዘነበለች። ቆመች።

አማይ ቤላሬክ ዞረው አዩ። በዚያ ዕድሜያቸው ገመዱ ላይ ተንጠልጥለው እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገቡ፤ ሁቫንግ ገጀራውን ወርውሮ ተከተላቸው። እናቴን በትከሻቸው አወጧት። እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቀና ስል የቤቲቱ ወለል ላይ ቅጠል ተሰክቷል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?

ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ተሰበሰብን። አለቃችን ጉሮሮውን ጠረገና ውኃ የወሰደው ነገር የያዘው ሰው ንብረት መሆኑን ተናገረ። ቤቲቱ የእሳቸው ናት፤ ጨውና ላምባውም።

"እኔስ?" አለች እናቴ።

አማይ ቤላሬክ አገጫቸውን አከኩ። "እንግዲህ ውስጧ ነበርሽ። መጀመሪያ ያየሁትም..."

ሁቫንግ ብድግ አለ። ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። እኔም ወንድሜን ልይዘው ወይስ ላግዘው፣ አላውቅም ነበር።

"ተቀመጥ አንተ" አለችው እናቴ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። "ቤላሬክ፣ እኔ ስመጣ ፊትህ ወዴት ነበር?"

"ወደ... ልጅሽ።"

"ጀርባህን ሰጥተኸኝ ነበር። እኔ ግን ከመታጠፊያው ጀምሮ ሳይህ ነበር። ያ ጨቅጫቃ እዚያ ከተቀመጠ ገመዱም አለ ብዬ ነው ምሰሶዬን ያልለቀቅኩት። እና መጀመሪያ ያየው ማነው?"

ተነሥታ ሄደችና ከጥምጥማቸው ላይ አንድ እርጥብ ቅጠል ሰካችባቸው። እሳቸው ቅጠሉን ዳሰስ አደረጉት፣ አለቃውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ።

"ሕግ ነው" አሉ በመጨረሻ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

የእሳቸው ሁሉ የእናቴ ሆነ፤ ቤቷም በዚያው ተመለሰች። ገመዱን የሚቆርጥ ጠፋ፤ ጀልባ ሲመጣ ራሳቸው ወርደው ዝቅ ያደርጉታል፣ እየተነጫነጩ። ማታ ማታ ከእኛ ጋር ይበላሉ። የዓሣዋን ጭንቅላት መጀመሪያ የሚያዩት እሳቸው ናቸው፤ እኔም በየማታው እናደዳለሁ።

ትናንት ግን በእራት ሰዓት አልገቡም። ብወጣ ደረጃው ሥር ቆመዋል፤ የደረቀው ቅጠል እጃቸው ላይ ተፈርፍሯል። እናቴ ሰሞኑን ሩዝ እርሻው ላይ ነው የምታድረው፤ ቅጠሉን ያደሰላቸው የለም።

"ደረቀ" አሉኝ። "እንግዲህ ባለቤት የለኝም መሰለኝ።" ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር። እኒህ ሰውዬ ቤታቸው ውስጥ የሚጠብቃቸው ማንም እንደሌለ ያኔ ነው ልብ ያልኩት። አንጀቴን በሉት።

ከደረጃው ጎን ካለው ቁጥቋጦ ትልቁን ቅጠል ቀነጠስኩና ጥምጥማቸው ላይ ሰካሁት።

"ይግቡ፣ እራቱ ቀዘቀዘ" አልኳቸው። "ዛሬ መጀመሪያ ያየሁዎት እኔ ነኝ።"