ማርሽ ላይ ያረፈው እጄ

መኪና ስትነዱ ሥራ የፈታውን እጃችሁን የት ታሳርፉታላችሁ? እስቲ በሞቴ፣ እውነቱን ተናገሩ። ግራው ግድ የለም፣ መሪ ይዟል። ነገረኛው ቀኙ ነው። ማርሽ ለመቀየር ለአንዲት አፍታ ይጠራል፤ ቀይሮ ሲጨርስ ግን "በል ወደ ቦታህ" የሚለው ስለሌለ እዚያው ማርሹ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል፤ ለሰርግ ቤት ወንበር ሊያደርስ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው ማለት ነው። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስማር አስተማሪዬ ግራ እጄን በሰዓቱ አሥር ቁጥር፣ ቀኙን በሁለት ቁጥር ትክክል መሪው ላይ አስይዘው፣ ከዚያ ንቅንቅ ካልኩ ጣቴን በማስመሪያ ይመቱኝ ነበር። ፈተናውን ያለፍኩ ዕለት ደስ ብሏቸው በራሳቸው መኪና ወደ ቤቴ ሸኙኝ። ቀኝ እጃቸው መንገዱን ሙሉ ማርሹ ላይ ነበር።

የሹፌርን ጠባይ ለማወቅ ፊቱን ማየት አያስፈልግም፤ እጁን ማየት ይበቃል። የሚኒባስ ሹፌር አንዱ እጁ ጥሩምባ ላይ ነው፣ ሌላው ደግሞ ከኋላ ካለው ተሳፋሪ ጋር እየተከራከረ አየር ላይ ነው፤ መሪውን ማን እንደያዘው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣው የቢሮ ሰው ደረቱን አስጠግቶ መሪውን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ቀማኛ የሚነጥቀው ይመስል። እኔ አሥራ አምስት ዓመት በጭነት መኪና አገር ለአገር ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። እጄ ማርሹ ላይ ነው። ምን ይጠበስ?

ይህችን "ምን ይጠበስ" የምትል ቃል ይዤ ነው ከአዲስ አበባ ወረታ የመጣሁት፣ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኜ። ዘመኑ ሁሉም ነገር የሚገመገምበት ዘመን ነበር። ሥራ ከተሠራ ይገመገማል፤ ካልተሠራ ለምን እንዳልተሠራ ይገመገማል፤ ግምገማው ራሱ እንዴት እንደነበር ደግሞ ሌላ ቀን ይገመገማል። እኔ ከመሪ ጋር እንጂ ከመድረክ ጋር ትውውቅ ስላልነበረኝ ከኋላ ተቀምጬ ማንቀላፋት ልማዴ ነበር። የተሰጠችኝ መኪና ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነበረች፤ ሞተሯ ጤነኛ፣ የማርሽ ሳጥኗ፣ ካምቢዮዋ፣ ለስላሳ። ይህ ሁሉ ታዲያ አንድ ነሐሴ ውኃ ውስጥ እስክንከታት ድረስ ነው።

ወረታ ያለችበትን የፎገራን ሜዳ በክረምት ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ከብቱ ወደ ደረቁ ይነዳል፣ ሰው በታንኳ ይመላለሳል፣ ሩዙ ብቻ ውኃ ውስጥ ቆሞ ደስ ይለዋል። አለቃችን አቶ ፈንታሁን ግን የሩዝ ማሳ ጉብኝት ዕቅዱ ላይ በነሐሴ ስለተጻፈ በነሐሴ መሄድ አለብን አሉ። በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ አንቱ ያስባላቸው ወንበራቸው ነው። "ውኃው መኪናዋን ይበላታል፣ ጌታዬ" አልኳቸው። "ዕቅድ ነው" አሉኝ። ገባን። ውኃው የበሩን ደፍ አልፎ ወንበሩ ሥር ሲደርስ ጫማቸው እንዳይረጥብ ሁለት እግራቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቀሉ። ሞተሩ ጠፋ። ግማሽ ቀን እንዲያ ተቀምጠን በመጨረሻ ገበሬዎቹ ሁለት ጥማድ በሬ አምጥተው ጎትተው አወጡን። እግራቸውን የት እንዳሳረፉ እስከ ዛሬ የገመገማቸው የለም።

ከዚያ በኋላ አራተኛው ማርሽ አመል አወጣ። ታስገቡታላችሁ፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ተስፈንጥሮ ይወጣና ዜሮ ላይ ይቆማል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ትለግማለች። በእጅ ተጭነው ከያዙት ግን ይቆያል፤ ስለዚህ ያዝኩት። ካምቢዮው ይታይልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ "ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሂደት ይታያል" የሚል መልስ መጣልኝ። ሂደቱ ሲሄድ ከረመ። እኔም ከወረታ ሐሙሲት፣ ከወረታ ይፋግ፣ ቀኝ እጄን ማርሹ ላይ ተክዬ ስመላለስ ከረምኩ።

አንድ ቀን ስለ ተሽከርካሪ አያያዝ የሚያሠለጥን ባለሙያ ከዞን መጣ። የሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክርቢቶ የሰካ፣ ትሁት፣ ሲናገር እንኳ አንደኛ ሁለተኛ እያለ የሚናገር ሰው ነው። ይፋግ ለሥራ ሳደርሰው ከጎኔ ተቀመጠ። ግራና ቀኙ አረንጓዴ ሜዳ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ እሱ ግን መንገዱን ሙሉ የሚያየው እጄን ነው። ማስታወሻ ያዘ። "ማርሹ አልረጋ እያለኝ ነው" አልኩት፣ ነገሩ እንዳይበላሽ ብዬ። "ለምን እንደማይረጋ ግን ጠይቀህ ታውቃለህ?" አለኝና አስረዳኝ። እጅ ማርሽ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ወደ ካምቢዮው ይወርዳል፤ ውሎ አድሮ ውስጡን ይበላዋል፤ ያን ጊዜ ማርሹ አልረጋ ይላል። መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው። መጽሐፉ ልክ ነው፤ ስለ ርብ ጎርፍ ግን አልሰማም።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። ሠራተኛው በሙሉ ገብቷል፤ የገበሬዎች ተወካይ የሆኑት ሽማግሌው አያ ዘገየም ተጋብዘው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል። ባለሙያው ተነሥቶ አነበበ፦ ሹፌር ተሾመ አንድ እጁን ማርሽ ላይ በማሳረፍ የመንግሥትን ንብረት ለጉዳት ዳርጓል። እንቅልፌ ጠፋ። ቀጥሎ የተናገረው ሰው ነገሩን ከፍ አደረገው፤ ችግሩ የእጅ ሳይሆን የአመለካከት ነው አለ። ሌላው ደግሞ ከአመለካከትም በላይ ሥር የሰደደ ነው አለ፤ ሥሩ የት እንደደረሰ ግን አልተናገረም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ስንት ቀን ከገበያ ከነዘንቢሏ ያደረስኳት ሴት፣ ሰላም ስላትም በአንድ እጄ ብቻ እንደምጨብጣት አስታወሰች። ይህም ተመዘገበ።

አቶ ፈንታሁን መድረኩን እየመሩ፣ "ሂሱን ዋጠው፣ ተሾመ" አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ። "ጥፋቱ የእጄ ነው ብለህ ግለ ሂስ አድርግና ፈርም፤ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። ካልሆነ ከሹፌርነት ተነሥተህ የግምጃ ቤት ጥበቃ ትሆናለህ።"

መፈረም ቀላል ነበር። እናንተም ብትሆኑ ትፈርሙ ነበር፤ አትሸምጥጡኝ። ከመሪ ወርጄ ቁልፍ ታጥቄ የአሮጌ ወንበር ክምር ስጠብቅ ታየኝ፤ መንዳት እንጂ ሌላ የማውቀው የለኝም። ነገር ግን ቀና ስል መድረኩ ላይ እነዚያን ዳሽቦርድ ላይ ተሰቅለው የነበሩ ጫማዎች አየኋቸው፤ ተወልውለው ያበራሉ። እልህ ያዘኝ።

"አልፈርምም" አልኩ። "በነሐሴ የገባንበት ውኃስ ግለ ሂስ አያደርግም ወይ?"

ውኃውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ይነሣል ያለው ማነው? አያ ዘገየ ብቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ምነው ጌቶች" አሉ። "እኛስ በአንድ እጃችን እርፍ፣ በአንድ እጃችን ጅራፍ ይዘን አይዶል የምናርስ? እርፉን በሁለት እጁ የጨበጠ እንደሁ ጀማሪ ነው እንላለን። ይልቅ በሬው ምን ሆኖ ተኛ ብላችሁ ጠይቁ።" ለሰጡት አስተያየት ተመስግነው ከአጀንዳው እንደወጡ ተነገራቸው።

እኔ ግን አንዴ ከተነሣሁ መቀመጥ አቃተኝ። ባለሙያው ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይፋግ ያድርሰን፣ ከደረሰ እፈርማለሁ አልኩ። ሰውየው ኩሩ ነው፣ እሺ አለ። በማግሥቱ አቶ ፈንታሁን ከፊት፣ እኔና ለምስክርነት የጠራኋቸው አያ ዘገየ ከኋላ ሆነን ጉዞ ጀመርን። እጆቹ መሪው ላይ፣ አሥር ቁጥርና ሁለት ቁጥር፤ አስተማሪዬ ቢያዩት ያለቅሱ ነበር። የርብን ድልድይ ሳንሻገር ማርሹ ተስፈነጠረ። መለሰውና እጁን ወደ መሪው ወሰደ። ተስፈነጠረ። መለሰው። አምስተኛ ጊዜ ይሁን ስድስተኛ፣ እጁ ወደ መሪው መመለሱን ተወ፤ እዚያው ማርሹ ላይ ቀረ። እሱ አላወቀም። አያ ዘገየ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። ይፋግ ገበያ ዳር ቆመን ሊወርድ ሲል ነው እጁን ያየው። ከጋለ ምጣድ ላይ እንደሚያነሣ ሰው ሰበሰበው።

አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ሪፖርቱ ከወር በኋላ ሲመጣ ግን እንዲህ ይላል፦ የሹፌሩ የተሳሳተ ልምድ ወደ ሌሎችም የመጋባት ባሕርይ ታይቶበታል።

እንግዲህ ካምቢዮው ተከፍቶ ይታይ፣ ጥፋቱ የእጅ ይሁን አይሁን መካኒክ በጽሑፍ ያረጋግጥ ተባለ። የእጅ ከሆነ ግምጃ ቤት እገባለሁ። መኪናዋን ባሕር ዳር ጋራዥ ድረስ የሚነዳት ሌላ ሰው ስለጠፋ ተከሳሹ ማስረጃውን ራሱ እየነዳ ሄደ። መካኒኩ ሸምገል ያለ፣ ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር ማውራት የሚወድ ሰው ነው። ዘይቱን ሲያወርደው ውኃ ተቀላቅሎበት ወተት መስሎ ፈሰሰ። "ይህችን ማን አጠመቃት?" አለ። የማርሹ ጥርሶች የሚሽከረከሩበትን ኩሽኔታ አውጥቶ አሳየኝ፤ በዝገት ተበልቷል። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቀጥሎ ሹካ የመሰለች፣ ማርሹን ገፍታ የምታስገባ ትንሽ ብረት አወጣና በጨርቅ ጠርጎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አንድ ጎኗ ሳስቶ ቢላዋ መስሏል።

"ይቺ ደግሞ ያንተ ናት" አለኝ። "እጅህን ማርሽ ላይ ታሳርፋለህ፣ አይደል? ከውኃው በፊት የጀመረ ነው።"

ምን ልበል? እውነቱን ነው። ማርሹ ጤነኛ በነበረበት ጊዜም እጄ እዚያው ነበር፤ ከላይ ነግሬያችኋለሁ፣ እናንተ ስቃችሁ አለፋችሁ እንጂ። ሰውየው ደግ ነው፤ እስክርቢቶውን አንሥቶ "እንዴት አድርጌ ልጻፍልህ?" አለኝ። ብረቷን አገላበጥኳት። ስለ ውኃው ብቻ ጻፍ ካልኩት ይጽፋል። እኔም ንጹሕ እሆናለሁ። ግን ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሰው ጥፋቱን ሰውሮብኛል ብዬ ስጮህ ኖሬ የራሴን በጨርቅ ጠቅልዬ ልወጣ ነው? ደግሞስ ምን ይጠበስ? "ያየኸውን ጻፍ" አልኩት። ሁለት መስመር ጻፈ፤ አንዱ ስለ ውኃው፣ አንዱ ስለ እጄ።

ስብሰባው እንደገና ተጠራ፤ አያ ዘገየም እንደ ወትሮው ከፊት ናቸው። አቶ ፈንታሁን ወረቀቱን ከፖስታው አውጥተው መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ "ካምቢዮው ለጉዳት የተዳረገው መኪናዋ ወደ ጥልቅ ውኃ..." ብለው ድምፃቸው ቀጥ አለ። ዓይናቸው ብቻ ወደ ታች ወረደ። ወረቀቱን አንዴ አጠፉት፣ ደግመው አጠፉትና ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። "ጉዳዩ ቴክኒካዊ ሆኖ ተገኝቷል" አሉ። "ተሾመ በሥራው ይቀጥላል። ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ።" ተጨበጨበ። ችግሩ የአመለካከት ነው ያለው ሰውም አጨበጨበ።

ዳንኩ ማለት ነው። መሪዬ ተመለሰልኝ፣ ጥፋቴን የሚያውቅ የለም፤ የእሳቸውን ጥፋት የደበቀች ኪስ የእኔንም ደብቃልኛለች። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ሄዶ ይተኛል። እኔን ግን ከእሳቸው ጋር አንድ ኪስ ውስጥ መክረም አንገሸገሸኝ። እጄን አወጣሁ።

"ምንድን ነው፣ ተሾመ?"

"ግለ ሂስ ላደርግ ነው። ሁለተኛው መስመር ይነበብልኝ። የመጀመሪያውም አብሮ ይነበብ።"

ሁለት ወር ሙሉ ግለ ሂስ አድርግ እያሉ እንቅልፍ የነሡኝ ሰው ፊታቸው ጠቆረ። "አሁን የግለ ሂስ ሰዓት አይደለም" አሉ። "እጅህን አውርድ።"

አላወረድኩም። ስለ ዘር ሥርጭት ተወያዩ፣ እጄ እንደተሰቀለ ነው። ስለ ግቢ ጽዳት ተወያዩ፣ ቃለ ጉባኤው ጸደቀ፣ እጄ እንደተሰቀለ ነው። ማንም አላየኝም፤ በአንድ እጅ መጨበጤን ያስተዋሉ ዓይኖች ሁሉ ጣሪያና መሬት ሲያዩ ዋሉ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ሰው ወንበሩን እየገፋ ሲወጣ አያ ዘገየ ጋቢያቸውን እያጣፉ አጠገቤ ቆም አሉና ክንዴን ቀና ብለው አዩት።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ደከመህ አይዶል? በግራው ቀይረው እንጂ።"

ቀየርኩት።